ኮምጣጣውና መራራው በቤታችን
ስለ አሲድና ስለ ቤዝ ጠባይና ስም ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የቀረበ ትምህርት



ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የአራዳውን ጊዮርጊስ ሳይሳለም መመለስ አይወድም። ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1888 ዓ.ም. ለተገኘው ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸ ነው። በቀድሞ ዘመን ትልቁ የአራዳ ገበያ የሚውለው እዚሁ አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፥ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረና መርካቶ ተባለ። አራዳም ፒያሳ የሚል የጣሊያን ስም ተጨመረለት።

ከተማ የመጣች እናት ተሳልማ ስትመለስ ለቤቷ የሚያስፈልገውን ትሸምታለች። ሎሚ ትገዛለች፤ አቼቶ ትገዛለች፤ የዳቦ ሶዳ፥ ሳሙና፥ በረኪና ትገዛለች። ሳሙና በቤቷ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ትጨምራለች። ሁሉም በአንድ ዘንቢል ገብቶ በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ቤት ሲደርስም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች የአንድ ወገን አይደሉም። አንዱ ወገን አሲድ ይባላል፤ ሁለተኛው ቤዝ ይባላል። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሲበረቱ ሥጋን ያቃጥላሉ። ይህን አለማወቅ የሚያመጣውን ጉዳት ለማስረዳት እንዲህ ያለ ነገር ደረሰ እንበል።

አንዲት እናት ለሳሙና የበጠበጠችው ኮስቲክ ሶዳ ተረፋት። «ለነገ ይሆነኛል» ብላ በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሦስት ዓመት የሞላው ልጇ ከጨዋታ ተጠምቶ ገባ፤ ጠርሙሱን አየና ተጎነጨ። ልጁ ሲጮህ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ፥ «እትዬ፥ ቶሎ ሎሚ ጭመቂለት፤ ያረክስለታል» አለች። ሌላዋ፥ «የለም፥ ጣትሽን ከተሽ አስታውኪው» አለች። ሁለቱም የተናገሩት ከርኅራኄ ነው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ለምን እንደ ተሳሳቱና እናቲቱ ምን ማድረግ እንደሚገባት ይህን ትምህርት አንብባችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ ትመልሳላችሁ።

1. አሲድ ምንድን ነው?

አሲድ የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ኮምጣጣ» ማለት ነው። አቼቶ የምንለውም ቃል ጣሊያንኛ ነው፤ እርሱም ከዚያው ከኮምጣጣነት ሥር የወጣ ነው። በእኛም ቋንቋ ሆምጣጤ የተባለው ስለ ሆመጠጠ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን አሲድን በስሙ ባያውቁትም በጠባዩ ያውቁት ነበር።

የአሲድ ጠባዮች እነዚህ ናቸው፦
ሀ. ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው።
ለ. ብረታ ብረትን ይበላል።
ሐ. ኖራና የድንጋይ ኖራን፥ እንዲሁም የዳቦ ሶዳን ሲያገኝ ይቀንሳቸዋል፤ ከድንጋይ ኖራና ከሶዳ ጋር ሲገናኝ ይንፈቀፈቃል፥ አረፋም ያወጣል።
መ. ሲበረታ ሰውነትን፥ ልብስንና እንጨትን ያቃጥላል።

በቤታችን ያሉትን እንቁጠር። ሎሚ አሲድ አለው። እርጎ አሲድ አለው። ሊጥ በቡሃቃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ በእርሾው ያሉት ደቂቅ ሕያዋን አሲድ ይሠራሉ፤ የእንጀራው የመኮምጠጥ ምክንያት ይኸው ነው። የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚፈላው ጋዝ ከውሃው ጋር ሳለ ደካማ አሲድ ነው። በሰው ጨጓራ ውስጥም ምግብ የሚፈጭ ብርቱ አሲድ አለ፤ ወደ ላይ ሲመለስ ቃር እንለዋለን። ከሁሉ የሚበረታውና የሚያስፈራው በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ነው።

2. ቤዝ ምንድን ነው?

ቤዝ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ጠባዮቹም እነዚህ ናቸው፦
ሀ. ጣዕሙ መራራ ነው።
ለ. በጣት ሲነኩት ያሙለጨልጫል።
ሐ. ቅባትን ይበላል፤ እድፍንም ያስለቅቃል።
መ. ሲበረታ እንደ አሲድ፥ አንዳንዴም ከአሲድ ይብስ፥ ሥጋን ያቃጥላል።

የእሳት አመድ በውሃ ሲበጠበጥ ቤዝ ነው። ሳሙና ቤዝ ነው። የዳቦ ሶዳ ደካማ ቤዝ ነው። ኖራ ብርቱ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳም ከሁሉ ይበረታል።

በውሃ የሚሟሙት ቤዞች አልካሊ ተብለው ይጠራሉ። ይህ ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ከተቃጠለ ተክል የሚገኘውን አመድ ያመለክት ነበር። የጥንት ሰዎች የአመድ ውሃን ከሞራ ጋር አፍልተው ሳሙና ያወጡ ነበር። ቤዝና ቅባት ሲዋሐዱ ሳሙና ይሆናሉና። በረኪና ወይም የአመድ ውሃ ጣትን ሲነካ የሚያሙለጨልጨውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የገዛ ቆዳችንን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። አረፋ የሚያወጣ ሁሉ ቤዝ አይደለም። እንዶድ ልብስ የሚያጥበው በቤዝነቱ ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ባለ ሌላ አረፋ አውጪ ነገር ነው። ይህንኑ እንዶድ በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የቢልሐርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የገጠር እናቶች ዕውቀት ለሳይንስ መንገድ ያሳየው በዚህ ዐይነት ነው።

3. በእርድ የሚደረግ ሙከራ

«ታዲያ ሳንቀምስ በምን እንለያቸው?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የማይታወቅን ነገር ከቶ መቅመስ አይገባምና። በትምህርት ቤት ሊትመስ የሚባል ወረቀት አለ፤ በአሲድ ቀይ፥ በቤዝ ሰማያዊ ይሆናል። በቤታችን ግን እርድ አለን።

አልጫ የነካው ነጭ ነጠላ በሳሙና ሲታሽ ብጫው ነጥብ ድንገት ቀይ እንደሚሆን ያላየ ማን አለ? ብዙዎች «ደም ነካው እንዴ?» ብለው ይደነግጣሉ። ደም አይደለም። እርድ ቤዝ ሲነካው ከብጫ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

ሙከራው እንዲህ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ስኒ ውሃ በጥብጡ፤ ጥቂት አረቄ ቢጨመርበት ቀለሙ ይበልጥ ይወጣል። አሮጌ ነጭ ጨርቅ ንከሩና በጥላ አድርቁ። ከዚያም በአንደኛው ጫፍ የሳሙና ውሃ፥ በሁለተኛው ጫፍ የጠለለ የአመድ ውሃ አንጠብጥቡ። ሁለቱም ይቀላሉ። አሁን በቀላው ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ተመልሶ ብጫ ይሆናል። ሎሚው ቤዙን አሸነፈው ማለት ነው። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። በዚህ ሙከራ ግን በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ አታግቡ፤ በረኪና ቀለሙን ራሱን ያጠፋዋል፥ ኮስቲክ ሶዳም አደገኛ ነው።

4. የብርታታቸው መለኪያ

የአሲድና የቤዝ ብርታት ፒኤች በሚባል መለኪያ ይለካል። መለኪያውን በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው፤ ይሠራ የነበረውም በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። መካከለኛው 7 ነው፤ ንጹሕ ውሃ በዚህ ላይ ይቆማል። ከ7 በታች አሲድ ነው፤ ከ7 በላይ ቤዝ ነው።

የሎሚ ጭማቂ — 2 ገደማ
ሆምጣጤ — ከ2 እስከ 3
የኮመጠጠ ሊጥ — ከ3 ተኩል እስከ 4
እርጎ — ከ4 እስከ 4 ተኩል
ያልረጋ ወተት — 6 ተኩል ገደማ
የሰው ደም — 7.4 ገደማ
የዳቦ ሶዳ በውሃ — ከ8 እስከ 9
የሳሙና ውሃ — ከ9 እስከ 10
በረኪና — ከ11 እስከ 13
የኖራ ውሃ — 12.4 ገደማ
ኮስቲክ ሶዳ በውሃ — ከ13 እስከ 14

እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። 2 የሆነው ሎሚ 4 ከሆነው ሊጥ በሁለት ደረጃ ስለሚለይ አሲድነቱ መቶ እጥፍ ይበልጣል። እንደዚሁም ኮስቲክ ሶዳ ከሳሙና ውሃ በጥቂት ቁጥር የሚለይ ቢመስልም በሺህና በአሥር ሺህ እጥፍ የሚበረታ ነው። «ሳሙናም ያው ነው» ብሎ መናቅ ስለዚህ አይገባም።

5. ስማቸው እንዴት ይወጣል?

በጠርሙስና በከረጢት ላይ የሚጻፈው ስም እንግዳ ቢመስልም ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ያወቀ ሰው ዕቃውን ሳይከፍት ወገኑን ይለያል።

የአሲድ ስም። ሁልጊዜ መጨረሻው «አሲድ» ነው፤ ከፊቱ ያለው ቃል ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ፥ የሆምጣጤው አሴቲክ አሲድ፥ የእርጎውና የሊጡ ላክቲክ አሲድ፥ የአምቦ ውሃው ካርቦኒክ አሲድ፥ የባትሪው ሰልፈሪክ አሲድ ይባላል። ሰልፈር ማለት ድኝ ነው። አሲዱ ሃይድሮጂንና አንድ ሌላ ነገር ብቻ ሲኖረው በስሙ መጀመሪያ «ሃይድሮ» ይጨመራል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንደማለት ነው። ይህ በጨጓራችን ያለው አሲድ ሲሆን፥ በአንዳንድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃዎችም ውስጥ ይገኛል። ከአንድ ነገር ሁለት አሲድ ሲሠራ ኦክሲጅን የሚበዛበት በ«ኢክ»፥ የሚያንስበት በ«ኧስ» ይጨርሳል፤ ሰልፈሪክና ሰልፈረስ፥ ናይትሪክና ናይትረስ የሚባሉት ለዚህ ነው።

የቤዝ ስም። በመጀመሪያ የብረቱ ስም ይመጣል፤ ቀጥሎ «ሃይድሮክሳይድ» ይባላል። ኮስቲክ ሶዳ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በውሃ የሞተ ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ለቃር የሚሰጠው ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው። ሃይድሮክሳይድ ሳይባሉ ከቤዝ ወገን የሚቆጠሩም አሉ፦ የዳቦ ሶዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት፥ በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፥ የሚከረፋው አሞኒያ። በረኪና የሚለው የገበያ ስሙ ደግሞ እንደ ፒያሳና እንደ አቼቶ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው።

እንግዲህ ይህን ያዙ፦ በስሙ መጨረሻ «አሲድ» ወይም «ሃይድሮክሳይድ» የሚል የጽዳት ወይም የፋብሪካ ዕቃ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ማንበብ የማትችል እናት በትምህርት ቤት ያለ ልጇን ታስነብብ።

6. አሲድና ቤዝ ሲገናኙ

አሲድና ቤዝ በልክ ሲገናኙ አንዱ የአንዱን ጠባይ ያጠፋል፤ በምትካቸውም ጨውና ውሃ ይገኛል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ እያንዳንዳቸው ሥጋ የሚያቃጥሉ ሲሆኑ፥ በትክክለኛ ልክ ቢዋሐዱ የሚወጣው የወጥ ጨው ነው።

ይህ ጠባይ ብዙ ይጠቅመናል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ሆምጣጤ ገብቶበት ሲሞቅ ይለቃል። በጎጃምና በሌሎችም ደጋ አገሮች ዝናብ አጥቦት አሲዳማ የሆነ መሬት የተፈጨ የድንጋይ ኖራ ሲጨመርበት አሲድነቱ ይቀንሳል፥ እህልም ይሻለዋል። ቃር የያዘው ሰው የሚወስደውም መድኃኒት ቤዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ሶዳን አዘውትሮ መጠጣት ጉዳት አለው፥ ለሕፃንም አይሰጥም።

ነገር ግን አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። ብርቱዎቹ ሲገናኙ ሙቀቱ የሚያፈላ ነው። ይህን አስታውሱ፤ ወደ ልጁ ስንመለስ ያስፈልገናል።

7. አሲድ በማድ ቤት ምን ይሠራል፥ ምን አይሠራም?

ኮምጣጣ ምግብ ቶሎ የማይበላሸው አሲዱ ብዙ ጀርሞችን ስለሚከለክል ነው። ቢሆንም አሲድ ሁሉን አይገድልም። ጥሬ ወተት ስለ ረጋ ብቻ ከሳንባ ነቀርሳ ወይም ወተት ከሚያስተላልፈው ከሌላ በሽታ ነጻ አይሆንም፤ ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ፥ ከዚያ ይርጋ። በጥሬ ሥጋ ላይ ሎሚ መጭመቅም የኮሶን ዘር አይገድልም፤ የሚገድለው በሚገባ ማብሰል ነው።

አሲድ ብረት ስለሚበላ ጠላ፥ ጠጅ፥ እርጎ ወይም ሎሚ የገባበት መጠጥ ዚንክ በተለበጠ ባልዲና በርሜል ውስጥ አይደር። ዚንኩ ወደ መጠጡ ይሟሟና ያስታውካል፥ ሆድም ያማል። የእናቶቻችን ጋንና እንስራ፥ እንዲሁም ብርጭቆ፥ ለዚህ ይሻላሉ።

ከመጸዳጃ መልስ፥ ምግብ ከመሥራትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሳሙና በታጣ ጊዜ ንጹሕ የምድጃ አመድ በውሃ ማሸት ይቻላል፤ የቆሰለ እጅን ግን ይለበልባልና ተጠንቀቁ።

8. ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

1ኛ. በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ፥ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባን ይጎዳል፥ በጠባብ ቤትም ይገድላል።
2ኛ. በረኪናን ከአሞኒያ ጋር ወይም ብዙ ሽንት በተጠራቀመበት አታፍስሱ፤ ይህም ሌላ መርዛም ጋዝ ያወጣል። አስቀድማችሁ በውሃ እጠቡ።
3ኛ. በለስላሳ፥ በቢራ፥ በዘይት ወይም በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ በረኪናም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ አታስቀምጡ። በገዛ ዕቃው ይቆይ፤ ቁልፍ ባለው ሣጥን ወይም ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ። ተበጥብጦ የተረፈ ኮስቲክ ሶዳ ለነገ አይደር።
4ኛ. ኮስቲክ ሶዳ ስትበጠብጡ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፤ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። በድንገት ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነጠራልና። ለአሲድም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በአሉሚኒየም ዕቃም አይበጥበጥ፤ ዕቃውን ይበላዋል።
5ኛ. ኖራ ስትበትኑ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፥ ዐይናችሁን ጠብቁ።

9. አደጋ ሲደርስ

ቆዳን ወይም ዐይንን ቢነካ። የተነካውን ልብስ አውልቁ። ዱቄት ከሆነ አስቀድማችሁ በደረቅ ጨርቅ አራግፉ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ሳታቋርጡ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አፍስሱ። ዐይን ከሆነ ሽፋሽፍቱን ከፍታችሁ፥ ውሃው ወደ ደኅናው ዐይን እንዳይወርድ ራሱን ወደ ተጎዳው ወገን አዘንብላችሁ እጠቡ። ቅቤ፥ ቅጠል ወይም ሎሚ አታድርጉበት። ከታጠበ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቢዋጥ። እነሆ ወደ ልጁ ተመለስን።

ሎሚ ለምን አይሰጥም? ሎሚ አሲድ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ብርቱ ቤዝ ነው። በልጁ ጉሮሮ ውስጥ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል፤ በተቃጠለው ላይ ሌላ ቃጠሎ ይጨመራል። ልኩንም በግምት ማግኘት አይቻልም።

ለምን አናስታውከውም? ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥላልና ነው። ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል።

እንግዲያውስ ምን ይደረግ? በአፉ የቀረውን አውጡ። አፉን በንጹሕ ውሃ አጥቡና ይትፋ። ልጁ ነቅቶ፥ መተንፈስና መዋጥ ሳይቸግረው እንደ ሆነ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ ብቻ ይበቃዋል፤ ምራቁ የሚዝረበረብ፥ የሚያቅተው ወይም ያንቀላፋ ከሆነ ምንም በአፉ አይግባ። ጠርሙሱን ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ ምን እንደ ጠጣ የሚያውቀው ከጠርሙሱ ነው።

«ልጁ ልቅሶውን ተወ፥ ከንፈሩም አልተላጠም» ብላችሁ አትቅሩ። ብርቱ ቤዝ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይበላል፤ ከላይ ሳይታይ የምግብ ቧንቧውን ሊያቆስል ይችላል። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ያጠብበዋል። ያን ጊዜ ልጁ እንጀራ፥ ኋላም ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በአንድ ጉንጭ ነው፤ የሚከለከለውም ጠርሙሱን ከልጁ በማራቅ ነው።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች ሦስት አሲድና ሦስት ቤዝ ቁጠሩ።
2. በእርድ የተነከረ ጨርቅ የአመድ ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል? ሎሚስ ሲጨመርበት?
3. ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ውስጥ ያለው ከየትኛው ወገን ነው?
4. በረኪናና የመጸዳጃ ቤት አሲድ በአንድ ቀን ለምን አይፈስሱም?
5. ኮስቲክ ሶዳ ለጠጣ ልጅ ጎረቤት ሎሚ ይዛ ብትመጣ ምን ትሏታላችሁ?

ውድ እናቶች፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበው ይንገር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ቤታችሁ ስትመጣም ያልገባችሁን ጠይቋት። ዛሬውኑ ግን አንድ ሥራ እንድትሠሩ እንለምናችኋለን፦ መደርደሪያችሁንና የአልጋችሁን ሥር ተመልከቱ፤ ስም የሌለው ጠርሙስ ካለ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ከዚያ አንሡት።